የመንጋጋ ስክሩ ሞዴል፦ ሜሹን ባደቀቅሁ ቁጥር ስትረሱ ይጨምራል

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ የያዝኩት ሥራ ነው፦ የታችኛው መንጋጋ በሳጂታል ስፕሊት (አጥንቱን በቁመቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገጽ የሚከፍል ቀዶ ሕክምና) ተሰንጥቆ በእያንዳንዱ ጎን በሦስት ባለ 2 ሚሊሜትር የቲታኒየም ስክሩ ይታሰራል። አጥንቱን ከሲቲ ስካን በስላይሰር (የሕክምና ምስል ሶፍትዌር) አወጣሁ፣ ስሌቱን የምሠራው በካልኩሊክስ (የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር) ነው። ፊት ጥርስ ላይ 60 ኒውተን ስጭን ስክሩ አንገት ላይ 38 ሜጋፓስካል ስትረስ (በስፋት ሲካፈል የሚገኝ ውስጣዊ ኃይል) ያሳያል። ሜሹን (ሞዴሉ ለስሌት የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ቁራጮች፣ ኤለመንቶች) ከ1 ወደ 0.5 ሚሊሜትር ሳወርድ 55፣ ወደ 0.25 ሳወርድ 81 ሆነ። የትኛውን ልመን? በሞዴሉ ውስጥ የተሰነጠቁት አጥንቶች አሁን እርስ በርስ እንደተጣበቁ ናቸው።

መልስ 1 (ኮምቦልቻ፣ መካኒካል)
ወንድሜ፣ አንዱንም አትመን። ስክሩ ከአጥንቱ ወለል ብቅ በሚልበት ሹል ማዕዘን ላይ ስትረስ በሂሳቡ ወሰን የለውም፤ ሜሹን ባደቀቅህ ቁጥር ያድጋል። ይልቅ አጥንቶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደተንሸራተቱ አወዳድር፣ እሱ ቶሎ ይረጋጋል። ኤለመንቱም ባለ 10 ኖድ (የስሌት ነጥብ) ቴትራ፣ ማለትም ባለ አራት ገጽ ቁራጭ፣ ይሁን፤ ባለ 4 ኖዱ ግትር ስለሆነ መንሸራተቱን አሳንሶ ያሳይሃል።

ዋናው ጥፋት ግን ማጣበቅህ ነው። ጭነቱ በአጥንቱ በኩል ያልፍና ስክሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ኮንታክት (አጥንቶቹ ተነካክተው መንሸራተት የሚችሉበት) ከፍሪክሽን (ሰበቃ) ጋር ስጠውና የስክሩን ጭነት በእጅ ስሌት አረጋግጥ። 60 ኒውተን ለሁለት ጎን ሲካፈል 30 ነው። ከፊት ጥርስ እስከ ስክሮቹ መሃል 60 ሚሊሜትር ቢሆን ሞመንቱ (ኃይሉ በርቀቱ ሲባዛ) 1,800 ኒውተን ሚሊሜትር ይሆናል። ስክሮቹ ጎኑ 12 ሚሊሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ከሠሩ እያንዳንዱ ከመሃሉ 7 ያህል ይርቃል፦ 1,800 ÷ (3 × 7) = 86 ኒውተን፣ በዚያ ላይ ቀጥታው 10። ኮንታክቱ ስለሚያግዝ ትንሽ ቢያንስ ችግር የለውም፤ 5 ኒውተን ካነበብክ ግን የሆነ ቦታ ተጣብቋል።

መልስ 2 (ደሴ፣ የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና)
በመንጋጋው ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ቦይ ከሲቲው ላይ ለይተህ ሳለው። ስሌቱ ስክሮቹ ተራርቀው ቢቀመጡ ይወዳል፤ ነርቩን የሚወጋ ስክሩ ግን ለበሽተኛው ጉዳት ነው። ሲቲው ከ1 ሚሊሜትር በላይ በወፈረ ቁራጭ የተነሳ ከሆነም ቀጭኑ ኮርቲካል (ጠንካራው የአጥንት ውጫዊ ሽፋን) በትክክል አይወጣልህም።

ሌላው፣ ቀዶ ሐኪሙ ሽፒስል እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚህ ቀዶ ሕክምና ያስተዋወቀው ስክሩ አጥንቶቹን ጎትቶ የሚያጣብቅ ነበር። ሲጎተቱ ኮንዳይሉ (በመንጋጋው መገጣጠሚያ ያለው የአጥንት ጫፍ) ከቦታው ስለሚጣመም ብዙዎቻችን የራሱ ጠመዝማዛ ጥርስ ሁለቱንም አጥንት የሚይዝ፣ ክፍተቱን እንዳለ የሚተው ስክሩ እንጠቀማለን። ስለዚህ 1 ሚሊሜትር ክፍተት ያለበትንም ሞዴል ሥራ፤ ስክሩ እዚያ መሃል ላይ ይታጠፋል።

ጠያቂው
ኮንታክት ስሰጠው የአንዱ ስክሩ ጭነት ከ4 ወደ 71 ኒውተን ወጣ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክፍተት ያለበትን ዛሬ ማታ አስሮጣለሁ።