ሲሞቅ ዳገት ላይ የሚደክም የድሮ ሃይሉክስ፦ ፖምፓው ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ሽንኩርት የምናመላልስበት በ1994 እ.ኤ.አ. የተሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ አለን። ሞተሩ 3ኤል የሚባለው 2,779 ሲሲ ናፍጣ ሲሆን ቱርቦም ኮምፒውተርም የለውም። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ጉልበቱ እንደ ወትሮው ነው። ጭኖ ሲመለስ ግን ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ በተለይ ከደብረ ሲና በላይ ያለውን የጣርማበር ዳገት ሲጀምር፣ ቀስ በቀስ እየደከመ ይሄድና በሦስተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን መንገድ በሁለተኛ፣ አንዳንዴም በአንደኛ እንድወጣው ያስገድደኛል። የሙቀት መለኪያው ከመሃል አያልፍም፤ ራዲያተሩም ውሃ አያጎድልም። ዳር ይዤ ጥቂት ደቂቃ ካሳረፍኩት ለተወሰነ ርቀት ይሻለውና ተመልሶ ይደክማል። የናፍጣና የአየር ማጣሪያዎቹ በቅርቡ ተቀይረዋል። ያየው መካኒክ ፖምፓው (ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ዕቃ) ስላረጀ ወርዶ ይታደስ ብሏል። ወጪው ለቤተሰባችን ከባድ ስለሆነ፣ ጥፋቱ በእርግጥ የፖምፓው መሆኑን ሳይፈታ የማረጋገጫ መንገድ ካለ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

ፖምፓውን ለማውረድ ገና ነው። በጽሑፍዎ ውስጥ ትልቁ ፍንጭ «ጥቂት ደቂቃ ካሳረፍኩት ይሻለዋል» ያሉት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መኪናው ስለቀዘቀዘ ተሻለው ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን ሞተር በጠፋ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃው ስለማይዞርና ነፋስም ስለማይነካው፣ በሞተሩ ብረት ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ወደ ፖምፓውና ወደ ቱቦዎቹ እየተላለፈ ይበልጥ ያግላቸዋል። ስለዚህ በአጭር ዕረፍት የተገኘው መሻሻል ከመቀዝቀዝ ይልቅ ከመምጠጥ መቋረጥ የመጣ ይመስለኛል።

የ3ኤል ሞተር ናፍጣን ከሰልባትዮ (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) የሚያመጣ ራሱን የቻለ ሌላ ፓምፕ የለውም፤ የሚመጥጠው በዋናው ፖምፓ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፓምፕ ናት። በሰልባትዮው ውስጥ ዝገት ወይም ጭቃ ካለ፣ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ በሚፈልግበት ረጅም ዳገት ላይ ቆሻሻው ተስቦ የመምጠጫውን አፍ ይሸፍነዋል፤ ሞተሩ ሲጠፋም መሳቡ ስለሚያቆም ቆሻሻው ይረግፍና መንገዱ ይከፈታል። ያረጀ የጎማ ቱቦም ሲሞቅ ለስልሶ በመምጠጡ ኃይል ወደ ውስጥ ሊጣበቅ ይችላል። ጠዋት ደህና የሚሆነውም ባዶውን ቁልቁል ሲወርድ የሚፈልገው ናፍጣ ጥቂት ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ያረጀ ፖምፓ ጠባዩ ከዚህ ይለያል። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በተበላው የፖምፓ ራስ በኩል ወደ ውስጥ ያፈስሳል፤ በዚህም ምክንያት ዋናው ምልክቱ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ጤነኛ ሆኖ እያዞረውም ቢሆን፣ ቶሎ አለመነሣቱ ነው። እንዲህ ካደረገብዎት ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፖምፓውን በእርጥብ ጨርቅ አልብሰው ትንሽ ይጠብቁና ያስነሡት። ወዲያው ከተነሣ መካኒኩ እውነቱን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ግን በጋለ ፖምፓ ላይ አያፍስሱ፤ ልኩ እጅግ የጠበቀ ዕቃ ስለሆነ ድንገት ሲኮማተር ሊነክስ (ተጣብቆ ሊቆም) ይችላል።

ጭሱንም በመስታወት ይከታተሉ። ሞተሩ ደክሞ ጥቁር ጭስ ካወጣ ናፍጣ አላነሰውም፤ የጎደለው አየር ነው ወይም ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩት ኖዝሎች በትክክል አይረጩም ማለት ነው። ደክሞም ጭስ ከሌለው ግን የጎደለው ናፍጣ ነው።

ከሁሉም የበለጠ የማምንበት ፈተና ሰልባትዮውን ከነመስመሩ ማለፍ ነው። ንጹሕ ናፍጣ በጀሪካን ሞልተው ከጭነቱ ጋር በገመድ አጥብቀው ይሰሩት፤ ጋቢና ውስጥ እንዳይሆን። ከጀሪካኑ ወደ ማጣሪያው መግቢያ አዲስ ቱቦ ይዘርጉ፤ የተረፈውን ናፍጣ የሚመልሰውን ቱቦም ወደዚያው ጀሪካን ይመልሱት። በማጣሪያውና በፖምፓው መካከል ብርሃን የሚያሳይ ቱቦ ቢያስገቡ ደግሞ አየር እየገባ እንደሆነ አረፋውን በዓይንዎ ያያሉ። ከዚያ ያንኑ ዳገት በተመሳሳይ ጭነት ይውጡት፤ ሳይደክም ከወጣው ጥፋቱ የሰልባትዮው ወይም የመስመሩ እንጂ የፖምፓው አይደለም።

ሁለተኛ መልስ

የናፍጣውን ጉዳይ ሳልቃወም፣ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ መኪናው ተይዞ ሊሆን እንደሚችልም እንዳይዘነጋ እፈልጋለሁ። ፍሬን ነፃ እንቅስቃሴ ካጣ፣ ዘይቱ በሙቀት ሲሰፋ ማንም ፔዳሉን ሳይነካው ሸራውን ያስነክሳል፤ ሲያርፍም ይለቃል። በደከመበት ሰዓት፣ ፍሬን ሳይበዛበት ከተጓዘ በኋላ ያቁሙትና አራቱንም ጎማዎች መሃላቸው ላይ ሳይነኩ በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ያወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ጥፋቱ እዚያ ነው። የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው) እየተንሸራተተ ነው።

ሦስተኛ መልስ

ከፍታውን የጠቀሰ የለም። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሲሆን ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ የሚያገኘው አየር ሸዋ ሮቢት ከሚያገኘው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ከድካሙ የተወሰነው ተፈጥሯዊ ነው። ይሁን እንጂ የአየር መሳሳት ዳር ይዞ በማረፍ አይሻሻልም፤ መኪናውም ያንኑ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ ስለነበር፣ የመጀመሪያው መልስ ያሳየውን መንገድ እደግፋለሁ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ሞቆ ከጠፋ በኋላ ያለ ችግር ይነሣል፤ በደከመበት ጊዜ ከጀርባው ጭስ የለም ማለት ይቻላል፤ ጎማዎቹም ሙቀታቸው ተመጣጣኝ ነው። በጀሪካኑ ናፍጣ ጭነቱን እንደያዘ ደብረ ሲናን አልፎ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሳይደክም ወጣው፤ በቱቦውም ውስጥ አረፋ አልታየም። ወደ ሰልባትዮው ስመልሰው ድካሙ ተመለሰ። አሁን መስመሩን በአየር ግፊት አስነፍቶ መንዳት ይበቃል?

የመጀመሪያው መላሽ

አይበቃም። ማስነፋት ቆሻሻውን ወደ ሰልባትዮው ይመልሰዋል እንጂ አያወጣውም፤ ለጥቂት ጊዜ ይሻልዎትና ጭነት ይዘው መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሰልባትዮው ይውረድ፣ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ ይገልበጥ፣ የመምጠጫው ቧንቧ ወጥቶ ጫፉ ላይ ያለው ወንፊት ይታጠብ ወይም ይቀየር። የብረቱን መስመር ከማጣሪያውም ከሰልባትዮውም ፈትተው ለብቻው ያስነፉት፤ አየሩ በምንም መንገድ ወደ ፖምፓው እንዳይሄድ። በመስመሩ ላይ ያሉትን የጎማ ቱቦዎች በሙሉ ናፍጣ በሚችል አዲስ ቱቦ ይቀይሯቸው። ሰልባትዮው ቀዳዳ ከተገኘበት፣ በውስጡ የቀረ የናፍጣ ትነት ሊፈነዳ ስለሚችል በደንብ ሳይታጠብ ብየዳ አያስነኩት። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በማጣሪያው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ እየጫኑ አየሩን ያስወጡ። ማጣሪያው አዲስ ቢሆንም እንደገና ይቀየር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከሥሩ ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው የሚወርደውን በንጹሕ ጠርሙስ ተቀብለው ይመልከቱት። ዝገት አሁንም ከታየ ሰልባትዮው ራሱ መቀየር አለበት፤ ለፖምፓ እድሳት የታሰበው ገንዘብ ቢወጣ የሚሻለው ለእሱ ነው።