ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ ከእማዬ ጋር፦ የት የት እንሂድ፣ ምን እንልበስ?

የከዚራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ኅዳር 20 እና 21 ቅዳሜና እሁድ ከእማዬ ጋር አዲስ አበባ ነን። አርብ ማታ ገብተን ሰኞ ጠዋት እንመለሳለን፣ የምናርፈው መገናኛ አክስቴ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ሁለታችንም አዲስ አበባ የምንመጣው ለሐኪም ቤት ወይም ለለቅሶ ነበር። አሁን ግን ምንም ጉዳይ የለንም። ሰፈር ለሰፈር መዞር፣ ቡና መጠጣት፣ አምሮብን ፎቶ መነሳት ነው የፈለግነው።

እማዬ እሁድ እንጦጦ ማርያምን ሳልሳለም አልመለስም ብላለች። እኔ ደግሞ ሽሮ ሜዳን፣ ፒያሳን እና የቦሌን ማታ ማየት እፈልጋለሁ። የቸገረኝ ልብሱ ነው። እኛ ጋ ቁም ሳጥኑ ሙሉ ስስ ልብስ ነው፤ ድሪያ፣ ሽፎን፣ ነጠላ ጫማ። ሹራብ እንኳ ያለኝ አንድ ነው። የምንይዘውም አንዳንድ ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነው። ቀን ለመዞር፣ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት፣ ማታ ለመውጣት ምን ልያዝ? እዚያስ ምን ብገዛ ይሻላል? «ብርድ ነው ጃኬት ያዢ» ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ አቦ፣ በደንብ ዘርዝሩልኝ።

የሸማኔ ልጅ

እንኳን ደህና መጣችሁ ከአሁኑ። እኔ የምለው ቅዳሜን በሽሮ ሜዳ ጀምሩት። ብዙ እንግዳ ሽሮ ሜዳን መጨረሻ ላይ ያደርገውና የገዛውን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። በጠዋት ከገዛሽ ግን ሁለቱንም ቀን ለብሰሽው ትዞሪያለሽ፣ ከቤትም ብዙ መሸከም አይጠበቅብሽም። አንድ ሰፋ ያለ ጅንስ፣ አንድ ረጅም ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ቲሸርቶች እና ያቺን ሹራብሽን ያዢ። ቀሪውን አንድ ጥሩ ነጠላ ይሞላልሻል።

ስትገዢ አትቸኩዪ። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስተሽ እዪው። ማጉ፣ ማለትም በአግድም የሚገባው ክር፣ በእጅ የተፈተለ ከሆነ አንዱ ጋ ወፈር፣ አንዱ ጋ ቀጠን ይላል። የፋብሪካ ክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ከዚያ ጥለቱን ገልብጪው። በሽመና የገባ ጥለት ጀርባው ላይም ክሩ ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዛዛ ነው። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ሻጩ ገልብጠሽ ስታዪ ካየሽ አነጋገሩም ይለወጣል። እኔ በሸማኔ ቤት ነው ያደግኩት፣ አንድ ጥለት ሸማኔውን ስንት ቀን የሽመና ጉድጓዱ ላይ እንደሚያስቀምጠው አውቃለሁ። የእጅ ሥራ ሆኖ ስታገኚው ስትከራከሪም በልኩ ይሁን።

ሌላው፣ ነጠላን እንደ ሻርፕ ስትጠመጥሚው ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ። ጥለቱን ወደ አንገት አውጥቶ መልበስ የሐዘን ነው። እናትሽ በደንብ ያውቁታል፣ እሳቸው ያስተካክሉልሽ።

ከሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን ሙዚየም ግቡበት። ድሮ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የጃንሆይ መኝታ ክፍል አሁንም አለ። ግቢው ዛፍ በዛፍ ስለሆነ ለፎቶም ይመቻል፣ ነጭ ነጠላ እዚያ አረንጓዴ ላይ ጉድ ነው።

አራዳ ጊዮርጊስ

ሽሮ ሜዳ ይቅደም የሚለው ልክ ነው። ስለ ፒያሳ ልጨምርልሽ። የድሮውን ፒያሳ በልብሽ ይዘሽ እንዳትመጪ። በ2016 ብዙው ሰፈር ፈርሷል፣ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር የለም። እኔ እዚያ ስላደግኩ እስካሁን በዚያ ሳልፍ ሆዴ ይባባል። ግን አትተዪው፣ የቀረው አሁንም ይታያል። ጊዮርጊስ አለ፣ የምኒልክ ሐውልት በፈረሱ ላይ እንዳለ አለ፣ አጠገቡ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የተከፈተው የዓድዋ መታሰቢያ አለ። እሱን በደንብ ለማየት ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ከዚያ ጣይቱ ሆቴል ሄዳችሁ ቡና ጠጡ። የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። በ2007 ቃጠሎ ደርሶበት ከፊሉ ተጎድቶ ነበር፣ ዋናው የድሮ ቤት ግን ቆሟል። የእንጨት ደረጃው ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይላል። ጥቁር ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ነጠላውን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ደረጃው ላይ ተነሺ። ከእናትሽ ጋር ብትነሱ ደግሞ የበለጠ ያምራል።

ቀለም ላይ ምክሬ ይህ ነው፦ አዲሱ ፒያሳ ድንጋዩም አስፋልቱም ግራጫ ነው፣ ግራጫ ለብሰሽ እዚያ ብትቆሚ አትታዪም። የሸክላ ቀለም ወይም ደማቅ አረንጓዴ ሹራብ ቢሆን ይመረጣል። ጫማ ዝቅ ያለ ይሁን። የእግረኛ መንገዱ አሁን ሰፊ ስለሆነ ማታ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በመብራቱ ስር በእግር መሄድ ይቻላል፣ ታኮ አድርገሽ ግን አትዘልቂውም።

መርካቶ ካማረሽ ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን፣ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ነጭ ስኒከር አድርገሽ እንዳትገቢ ብቻ።

እንጦጦ ሯጭ

እህቴ፣ ኅዳር 21 እኮ ጽዮን ማርያም ናት። በዚያ ላይ እሁድ። እንጦጦ ማርያም ግጥም ብሎ ነው የሚሞላው፣ ከአክስትሽ ቤት ገና ሳይነጋ ውጡ።

ያ ሰዓት ደግሞ እናንተ የማታውቁት ብርድ ነው። በኅዳር ከተማው ውስጥ እንኳ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ እላይ ይብሳል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ወደ 3,000 ይጠጋል። እናትሽ ዳገቱን በእግር እንዳይሞክሩት፣ ትንፋሽ ያጥራል። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በመኪና ይውጡ፣ ከወረዱም በኋላ ቀስ ብለው ይራመዱ።

ለእሳቸው ወፍራም ጋቢ የግድ ነው፣ ቅዳሜ ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ ግዙላቸው። አንቺ ረጅም ቀሚስ፣ ከስሩ ታይት፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ነጠላሽን መስቀለኛ አጣፊ። ጫማ ቶሎ የሚወልቅ ይሁን። ከሁሉም የማይረሳው ወፍራም ካልሲ ነው፣ ጫማ አውልቀሽ ውስጥ ስትቆሚ ብርዱ ከእግር ነው የሚጀምረው።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት በ1882 እዚያው ማርያም ነው። ግቢውን ሳታዩ አትውረዱ፣ የድሮ መኖሪያቸውም እዚያው አጠገብ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወደ እንጦጦ ፓርክ ጎራ በሉ። ስኒከር በቦርሳ ያዢና እዚያ ቀይሪ፣ ያው ጥቁር ቀሚስ በስኒከርና በጋቢ ሲለበስ በባሕር ዛፉ መሐል የሚሰጠው መልክ ሌላ ነው።

ቦሌ ማታ

ሁላችሁም ነጠላ ነጠላ አላችሁ፣ እኔ ለድሪያው ልከራከር። ድሪያሽን ይዘሽ ነይ! ቦሌ ቅዳሜ ማታ ጥቁር በጥቁር የለበሰ ብቻ ነው የምታዪው። ስስ ደማቅ ድሪያ፣ ከላይ አጠር ያለ የቆዳ ጃኬት፣ ከስር ጥቁር ታይትና ቡት። የጆሮሽ ወርቅ ብቻ ይበቃል፣ አንገት ላይ ምንም አትጨምሪ። ጃኬቱን ለአንድ ማታ ብለሽ አዲስ አትግዢ፣ ከአክስትሽ ልጆች ተዋሺ ወይም ሰልባጅ ፈልጊ። የሰልባጅ ቆዳ ከገዛሽ ብብቱ ስር ያለውን ስፌትና ዚፑን ቀድመሽ እዪ፣ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።

ጾሙ ስለገባ ለእናትሽ አታስቢ። ኬክ ቤቶቹ የጾም ኬክ አላቸው፣ ማኪያቶውም በጾም ወተት ይሠራል።

የከዚራ ልጅ

ኧረ ተባረኩ! ለእማዬ አንብቤላት ጋቢውን እኔ ነኝ የምመርጠው ብላለች፣ የጥለቱን ነገርም «ይሄ እኮ የታወቀ ነው» አለችኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሽሮ ሜዳና ስድስት ኪሎ፣ ከሰዓት ፒያሳ፣ ማታ ቦሌ በድሪያ። እሁድ ማርያምና ፓርኩ። መርካቶን ትተነዋል፣ እማዬ እንዳትደክም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ከነጠላው ሌላ የሐበሻ ቀሚስም አምሮኛል፣ ግን እኔ አጭር ነኝ። በዚያው ቀን የሚያሳጥርልኝ ሰው አገኛለሁ?

የሸማኔ ልጅ

ታገኛለሽ። ሱቆቹ አጠገብ ማሽን ይዘው የሚቀመጡ ሰፊዎች አሉ። በጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ድረሱ፣ ሰው ሳይበዛ መርጠሽ ለሰፊው ስጪና ከእናትሽ ጋር ቡና ጠጡ። ከታች ጥለት ያለበት ቀሚስ ከሆነ ግን ጫፉን እንዳያስቆርጡሽ፣ ጥለቱ አብሮ ይሄዳል። ከወገቡ ላይ አንስተህ አሳጥርልኝ በዪው፣ ያውቁታል። ልታደርጊ ያሰብሽውን ጫማ ተጫምተሽ ሂጂ፣ ልኩ የሚወሰደው በእሱ ነው።