የዓባይ ማዶው ቤት፦ ለከተማ አስተዳደሩ በሚገባው ሐሳብ ላይ የአባላት ውይይት

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ይኸው። ባለፈው ስብሰባ የተባለውን ይዤ ነው የጻፍኩት። አሜሪካ የምንኖር፣ ጡረታ የወጣንና ልንወጣ የደረስን አባላት በቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተን ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ መሬት እንጠይቃለን። ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ፣ ሃያ አራት ቤት፣ ሊፍት፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንከር፣ ዛፍ ያለው ግቢ። ምድር ላይ ሱቅ አይኖርም፤ ይህ በድምጽ ተወስኗል። የምንሄደው ተረጋግተን ልንኖር ነው። አስተያየት እስከ እሑድ። ከዚያ ለጠበቃው ይላካል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ዓባይ ማዶ የሚለው ይብራራ። ለአዲሱ ድልድይ ምን ያህል ይቀርባል? ድልድዩ ግንቦት 2016 ከተመረቀ ወዲህ ሰፈሩ የድሮው አይደለም። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ ምን ያህል መኪና እንደሚያመጣ አስቡት። እኛ የምናውቀው ማዶ ሲመሽ ጉማሬ ከወንዙ ወጥቶ ሣር የሚግጥበት ነበር።

ቀድሞ የተመለሰው፦
እዚህ ባሕር ዳር ያለሁት እኔ ስለሆንኩ ልናገር። ማዶ በየቀኑ ግንባታ ነው። ሲኖትራክ አሸዋና ድንጋይ ሲያመላልስ ያድራል። ያለሁበት ቤት መስኮት ሲንቀጠቀጥ እነቃለሁ። የኮሪደር ልማቱም መጥቷል። ዘንድሮ ጸጥ ያለ ቦታ ለከርሞም እንዲሁ ይሆናል ብሎ የሚፈርምልን የለም። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ይግባ። በእኛና በወንዙ መካከል ያለው ክፍት ቦታ በከተማው ፕላን አረንጓዴ ሆኖ መያዙ በጽሑፍ ይረጋገጥልን። መሬቱን ከመረከባችን በፊት። ካልሆነ ነገ ፊታችን ሆቴል ይቆምና ዓባይን የምናየው በፎቶ ይሆናል።

ጸሐፊ፦
ትክክል ነው፤ አስገባዋለሁ። ፕላኑን ማን ያያል?

ሰፈነ ሰላም፦
እኔ። ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ ዘመድ አለኝ። እስከ ዓርብ ኮፒው እጃችሁ ይገባል።

ነርሷ፦
ከመሬቱ በፊት ሕክምናው ይታሰብ። ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ባሕር ዳር እነዚያ ውስጥ የለችም። እዚያ ስለምኖር ፓርት ቢን፣ ለሐኪም የሚከፍለውን የሜዲኬር ክፍል፣ ልተወው የምትሉ ተጠንቀቁ። ተመልሳችሁ ስትገቡ ሳትመዘገቡ ላለፈው ለእያንዳንዱ 12 ወር በወር ክፍያው ላይ 10 በመቶ ይጨመርባችኋል፤ ቅጣቱም እስከ ዕድሜ ልክ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ግን ለአሜሪካ ዜጋ እዚያም ይደርሰዋል። 7162 የሚባል ፎርም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ በፖስታ ይልኩላችኋል። ሞልታችሁ ካልመለሳችሁ ክፍያው ይቋረጣል። ስለዚህ አስተማማኝ የፖስታ አድራሻ በረቂቁ ውስጥ ይግባ።

ድልድዩንም አታማሩ። ሆስፒታሎቹ፣ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም፣ ከወንዙ ወዲህ፣ በመሃል ከተማው በኩል ናቸው። ሌሊት ልቡን ለያዘው ሰው ያ ድልድይ ሕይወት ነው።

ግሽ ዓባይ፦
ንድፉን አየሁት። ከጓሮ በኩል ማድ ቤት የሚል አለ። ይህ ምንድን ነው? ሊፍት ያለው ሕንጻ ሠርተን ከጀርባው እንጨት ልናነድ ነው? ማን አስገባው?

የፋሲሎዋ፦
እኔ አስገባሁት። ኮሚቴው ባለበት። አንተ አልነበርክም።

ግሽ ዓባይ፦
እትዬ፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ነገሩ ግን የምሕንድስና ጉዳይ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ይነሳል። ማድ ቤቱ የተቀመጠው ደግሞ በሰሜን በኩል ነው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ መኝታ ቤት ይገባል። አስም ያለብን አለን። በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይግባና ይለቅ።

የፋሲሎዋ፦
መብራት ሲጠፋስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ሃያ አራት ቤት ዓርብ ማታ ምጣድ ቢጥድ የትኛው ጄኔሬተር ይችለዋል? መሐንዲሱ አንተ ነህ፤ ንገረኛ። ሊጡ ኩፍ ብሎ መብራት ሲሄድ ያየ ሰው ማድ ቤት ለምን አይልም። ደግሞ ለፋሲካ በጉ የት ነው የሚታረደው? ሳሎን?

የሽምብጥ ልጅ፦
እንጀራ ከሱቅ ይገዛል። እዚህስ ከሱቅ አይደል የምንበላው?

የፋሲሎዋ፦
በሱቅ እንጀራ ዕድሜዬን ጨረስኩ። አገሬ ገብቼም እሱን ልበላ? እኔ የምሄደው ለዚህ ነው። የምጣዱን ሙቀት በእጄ አይቼ፣ ዓይኑ ሲወጣ አክምባሎውን ደፍቼ፣ የሰፌዱን ጫፍ ከሥሩ አስገብቼ ላወጣው። ይህን የማይፈልግ የራሱ ጉዳይ። እኔን ግን አይከልክለኝ።

ግሽ ዓባይ፦
ማንም አልከለከለም። በኋላ ሁሉም ሠራተኛ ይቀጥርና ማድ ቤቱ የሠራተኞች ማደሪያ ይሆናል። ያንን ደግሞ ሁላችንም አይተነዋል።

ነርሷ፦
ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። ሠራተኛ የሚቀጠር ከሆነ ደህና መኝታ፣ መታጠቢያ ያለው ክፍል በንድፉ ይግባ። ጭስ ውስጥ የሚያድር ሰው እኔ ባለሁበት ግቢ አይኖርም።

ግሽ ዓባይ፦
እኔም እሱን ነው ያልኩት። ቃሌን አታጣሙ።

የፋሲሎዋ፦
አነጋገርህ እንደዚያ አልነበረም። እናትህ በዚያ ጭስ ነው ያሳደገችህ።

ግሽ ዓባይ፦
እናቴን ከዚህ ያውጡልኝ። እናቴ ዓይኗ የጠፋው በዚያ ጭስ ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ አልቀልድም። ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ንድፉንም የሚያርምላችሁ ሰው ፈልጉ።

ጸሐፊ፦
ቆይ፣ ተረጋጉ። ሰፈነ ሰላም፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ፕላኑ ምን ደረሰ?

የፋሲሎዋ፦
ወንድሜ፣ የእናትህን አላውቅም ነበር። ነፍሷን ይማር። የምልህን ስማ። ምርጥ ምድጃ አለ፤ የሲሚንቶው። እሳቱ የታፈነ ነው፤ እንጨቱም ከጉልቻው በጣም ያነሰ ነው። የጭስ ማውጫ ይደረግለት። ቦታውንም አንተው ምረጥ።

ግሽ ዓባይ፦
የጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ከወጣና ማድ ቤቱ በደቡብ በኩል ከዞረ ይሆናል። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ አንድ ምርጥ ምድጃ። ጄኔሬተሩ በአንድ ጊዜ አንድ ምጣድ እንዲችል አሰላዋለሁ። ኮሚቴው ውስጥ ግን አልመለስም።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ጭስ ተጻፈ። ስለ ገንዘብ አንድ ሰው አልጻፈም። ቀብድ የከፈሉ ዘጠኝ አባላት ናቸው። ሃያ አራት ቤት በዘጠኝ ሰው አይሠራም። መሬት ሲጠየቅ የግንባታው ገንዘብ በዝግ ሂሳብ ተቀምጦ ይታያል። የወሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ከመቶ በላይ ሄደ፤ እናንተም ርካሽ ሆነልን አላችሁ። ብረቱም ሲሚንቶውም አብሮ ወጥቷል። ደግሞ አስታውሱ፤ ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ የባንክ ሂሳብ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ኤፍባር የሚባለውን የሂሳብ ማሳወቂያ ለአሜሪካ መንግሥት ማስገባት ግዴታ ነው። ያለፈው ጊዜ የደረሰብንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤት ሸጠልን ያልነው ድርጅት ገንዘባችንን በልቶ ቀረ። እኔ ያን ዓይነት ደብተር ዳግመኛ አልይዝም።

የዳያስፖራ ልጅ፦
ለጎደለው መፍትሔ አለ። ምድር ላይ ሱቅ ይግባ። ከመንገድ ዳር ሦስት ሱቅ ቢከራይ የጥበቃውንና የሊፍቱን ይሸፍናል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሱቅ አይኖርም ተብሎ በድምጽ አልፏል። ሱቅ ሲመጣ ሙዚቃው፣ ባጃጁ፣ መጫንና ማውረዱ ይመጣል። ታዲያ ምን ልናደርግ ነው የምንሄደው?

ቀድሞ የተመለሰው፦
ሌላም አለ። በሊዝ አዋጁ፣ በ721/2004፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው። ለንግድ የሚሰጠው ዘመን ያንሳል። ሱቅ ካለው ጥያቄያችን የመኖሪያ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ወረፋ ውስጥ ይገባል። ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለን ሰዎች በአዋጅ 270/1994 ቤት በስማችን ማፍራት መብታችን ነው። ያንን ንጹሕ ጥያቄ በንግድ አንቀላቅለው። የወንዝ ዳሩ አንቀጽስ? ገባ?

ጸሐፊ፦
ፕላኑን ሳናይ መጻፍ አልቻልኩም። ሰፈነ ሰላም ስልክ አያነሳም።

እመት ጣና፦
ጠይቄ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ብዙ አልሠራሁም፤ ልጅ ነው ያሳደግኩት። የሚመጣልኝ ኤስኤስአይ፣ ገቢ ለሌለው አረጋዊ የሚሰጠው ድጎማ፣ ነው። እሱስ እዚያ ይደርሳል?

ነርሷ፦
አይደርስም እማማ። ኤስኤስአይ ከጡረታው የተለየ ነው። 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ይቆማል። ተመልሰውም 30 ቀን እዚህ ካልሞላዎት አይቀጥልም። ማንም ሌላ ነገር ቢነግርዎት አይስሙ።

እመት ጣና፦
እንግዲያው እኔ መኖር አልችልም ማለት ነው። ቀብዴን ከፍያለሁ። ለጥምቀት ደርሼ የምመለስበት ማረፊያ ቢሆንልኝ ይበቃኛል።

የዳያስፖራ ልጅ፦
እውነቱን እናውራ። ከእኛ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር ስንት ነው? የልጅ ልጅ እዚህ፣ ሐኪም እዚህ። መንገዱም በየጊዜው ይዘጋል፤ በአውሮፕላን ብቻ ሆኗል። እኔ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው የምፈልገው። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው። ቤት ቤት ከምንል ማረፊያ እናድርገው። እኛ የሌለንበትን ወር እንግዳ ይከራየው። ዘጠኝ ሰውም ይበቃል።

የፋሲሎዋ፦
ማድ ቤቱ ካለ እስማማለሁ። ለእንግዳም ቢሆን ትኩስ እንጀራ ያስፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ፦
ለእኔ ይህ የሚቆጠር ነገር አለው። አሥራ ሁለት ክፍል፣ ምድር ላይ ሁለት ሱቅና አንድ ፋርማሲ። ኪራዩ ወጪውን ይችላል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ፋርማሲ? እናንተ ሆቴል ነው የጻፋችሁት። ሆቴል ደግሞ ሞልቷል።

ነርሷ፦
ፋርማሲውን እደግፋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት ፍለጋ ድልድይ መሻገር የለብንም። ወባም አለ። አጎበርና የመስኮት ወንፊት በንድፉ ይግባ፤ ይህን ደጋግሜ ተናግሬያለሁ።

ጸሐፊ፦
እሺ። አሁን የተስማማነውን ላስቀምጥ። ጥያቄው የቱሪዝም ማረፊያ ኢንቨስትመንት ሆኖ ይቀርባል። አሥራ ሁለት ክፍል፤ ለአባላት ቅድሚያ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት። ሁለት ሱቅ፣ አንድ ፋርማሲ። ማድ ቤት በደቡብ በኩል፣ ከነጭስ ማውጫው። ለሠራተኞች ሁለት ክፍል ከነመታጠቢያው። የወንፊት መስኮት። የወንዝ ዳሩ አንቀጽ ፕላኑ እስኪገኝ ድረስ ወጥቷል።

ቀድሞ የተመለሰው፦
አይሆንም። ዋናው እሱ ነበር። እኔ ሁሉን ጥዬ እዚህ የገባሁት ጠዋት ወንዙ ዳር ልቀመጥ ነው። ሌላው ሁሉ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይፈርሳል፣ ይሠራል። የወንዙ ዳር አንዴ ከተሸነሸነ ግን የሚመልሰው የለም። ቁጭ ብለን ባለ ሱቅ ሕንጻ ከጠየቅን ከተማዋን ከሚያጣብቡት ጋር አንድ ሆንን። እኔ ሰኞ ጠዋት ራሴ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ፕላኑን እጠይቃለሁ። እስከዚያ አትላኩት።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ጠበቃው ቀጠሮ ሰጥቶናል። ካለፈ ሌላ ክፍያ ነው።

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ሰኞ ጠዋት ይላካል። ፕላኑ ከተገኘ በተጨማሪ ደብዳቤ እናስገባዋለን።

ቀድሞ የተመለሰው፦
እንግዲያው ስሜን ከፈራሚዎቹ አውጡት። ማዘጋጃ ቤቱ ግን እሄዳለሁ፤ ያገኘሁትን እዚሁ እለጥፋለሁ።

የሽምብጥ ልጅ፦
የኔንም አውጡ። ቀብዴም ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የከፈልክበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሌላም የሚወጣ ካለ እስከ ሐሙስ ያሳውቀኝ። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ወደ ዝግ ሂሳቡ ይገባል።

ግሽ ዓባይ፦
የማድ ቤቱን አዲስ ንድፍ ልኬያለሁ። የጭስ ማውጫው ቁመት ላይ አስተያየት ያለው ዛሬ ይጻፍ።