ኤክሞ ላይ ላለ ታካሚ የሜሮፔነም ዶዝ ይጨመር ወይስ ይቀነስ?

የአይሲዩ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤክሞ (ደሙን ከሰውነት አውጥቶ ኦክሲጅን ሰጥቶ የሚመልስ ማሽን) ላይ ያለ ታካሚ አለን፤ ኩላሊቱም ስለደከመ ያለማቋረጥ የሚሠራ ዳያሊሲስ ተጀምሮለታል። ሜሮፔነም የሚባል አንቲባዮቲክ እየተሰጠው ነው፣ ሙቀቱም 37 ነው፣ ግን የደም ግፊቱን ለመያዝ የሚሰጠው ኖርኤፒነፍሪን እየጨመረ ነው። አንዱ ሐኪም «የኤክሞው ቱቦ መድኃኒቱን እየመጠጠው ነው፣ ይጨመር» ይላል፣ ሌላው «ኩላሊት የለውም፣ ይቀነስ» ይላል። የቱ ነው ልክ?

ፋርማሲስት፦
ቱቦውና ኦክሲጅኔተሩ (ደሙ ኦክሲጅን የሚያገኝበት ክፍል) መድኃኒት ይመጥጣሉ፣ እውነት ነው፣ ግን ሁሉንም እኩል አይደለም። በብዛት የሚይዙት ስብ ውስጥ የሚሟሙትንና ከደም ፕሮቲን ጋር አጥብቀው የሚጣበቁትን ነው፤ ፌንታኒል፣ ፕሮፖፎል፣ ከፈንገስ መድኃኒቶች ደግሞ ቮሪኮናዞል። ሜሮፔነም ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው፣ ከፕሮቲን ጋር የሚያያዘውም 2 በመቶ ገደማ ብቻ። ላቦራቶሪ ውስጥ በተሞከረ ሰርኪዩት (የኤክሞው ቱቦና ኦክሲጅኔተር በአንድ ላይ) መጠኑ ሲቀንስ ታይቷል፣ ግን ሜሮፔነም በሰውነት ሙቀት ራሱም ስለሚበላሽ ሁሉንም በቱቦው ማሳበብ አይቻልም።

ዋናው ጉዳይ ታካሚው ነው። ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ሲኖር ደም ስሮች ያፈሳሉ፣ ብዙ ፍሉይድ ይሰጣል፣ ሰርኪዩቱ የተሞላበት ፈሳሽም ይጨመርበታል፣ መድኃኒቱ በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ ይቀጥናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዶዝ «ኩላሊት ደክሟል» ተብሎ በፍጹም አይቀነስም። ኩላሊት የሚታየው ከዚያ በኋላ ላሉት ዶዞች ነው። እሱም ቢሆን ዳያሊሲሱ ሜሮፔነምን ያወጣል፤ የኤፍሉዌንቱ (ዳያሊሲሱ አጣርቶ የሚያስወግደው ፈሳሽ) ፍጥነት ከፍ ባለ ቁጥር የሚወጣውም ይጨምራል።

የአይሲዩ ነርስ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። የዳያሊሲሱ ፊልተር ደም ረግቶበት ማሽኑ ለሰዓታት ሲቆምስ?

የጽኑ ሕሙማን ሐኪም፦
ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። ማሽኑ ቆሞ ዶዙ በዚያው ከቀጠለ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፣ ሲበዛም ታካሚው ሊደናገር፣ አልፎም ሊንዘፈዘፍ ይችላል። የቆመበትንና የተነሳበትን ሰዓት ቻርቱ ላይ ጻፉ፣ ከቆየ ደግሞ ቀጣዩ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት ፋርማሲስቱን አማክሩ።

ሌላው አሰጣጡ ነው። ሜሮፔነም የሚሠራው ባክቴሪያውን ከሚገታው መጠን በላይ በቆየበት ሰዓት ልክ ስለሆነ፣ በ30 ደቂቃ ከማስገባት በፓምፕ በ3 ሰዓት ማስገባቱ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ግን ቶሎ ስጡት። ከተቻለ በደም ውስጥ ያለውን መጠን አስለኩ፣ እንዲህ ባለ ታካሚ ላይ ግምት ያሳስታል።

ደግሞ ያ 37 አያዘናጋችሁ። የደሙን ሙቀት የሚቆጣጠረው የኤክሞው ሙቀት መለዋወጫ ነው፣ ትኩሳት ቢኖርም ይሸፍነዋል። ካልቸር (ባክቴሪያ የሚፈለግበት ናሙና) በድጋሚ ውሰዱ፣ የካኑላዎቹን (ደም ሥር ውስጥ የገቡት የኤክሞው ቱቦዎች) መግቢያም ገልጣችሁ እዩ።