ክርክር፦ ታሪክ ራሱን የቻለ ዲግሪ ይሁን ወይስ አንድ ኮርስ ይበቃል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚደጎም ዩኒቨርሲቲ ታሪክን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማስተማሩን ይቀጥል? ወይስ ለሁሉም ተማሪ አንድ ኮርስ ሰጥቶ ዲፓርትመንቱን ይዝጋ? ነገሩ ወሬ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የሰንደርላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2020 እ.ኤ.አ. ታሪክን ጨምሮ የተወሰኑ ትምህርቶችን እንደሚዘጋ አስታውቋል። አውስትራሊያ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ታሪክን የመሰሉ ትምህርቶች ላይ የተማሪውን ክፍያ በ113 በመቶ አሳደገች፤ የነርስነትንና የመምህርነትን ቀነሰች። ስድብ የለም፣ ሐሳብ ብቻ።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ሳልሸፋፍን ልናገር፣ እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ። ታሪክ አልጠላም፤ ማታ ማታ የምሰማው ፖድካስት ሁሉ ታሪክ ነው። ችግሩም እሱ ነው። በነፃ የሚገኝ ነገር ላይ ያን ሁሉ ዓመት ማቃጠል ለምን? መጽሐፉ አለ፣ ዩቲዩብ አለ፣ አሁን ደግሞ ኤአይ መጥቷል፤ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት መንስኤ ብትጠይቀው ቡናህ ሳይቀዘቅዝ ዘርዝሮ ይሰጥሃል። ሐኪም ግን ከዩቲዩብ አይወጣም።

ሦስተኛ ዓመት፦ ወንድሜ፣ ፖድካስቱ የሚያቀርብልህ ያለቀለትን ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የምንለፋው ገና ባላለቀው ላይ ነው። በቅርቡ ሴሚናር ላይ የአንድ ድሮ ፍርድ ቤት መዝገብ ኮፒ ተሰጠን፣ አንዲት ገጽ። የምስክር ቃል ነው ተባልን። አንብበን ስንጨርስ መምህሯ "ምን ይላል?" ብላ አልጠየቀችንም። "የሚናገረው ማን ነው?" አለች። ምስክሩ ነዋ፣ አልን ሁላችንም። ቀስ እያለች መስመር በመስመር ስታስነብበን ግን ነገሩ ተገለበጠ። ምስክሩ ገበሬ ነው፤ ቋንቋው የሕግ ሰው ነው። "ከላይ በተጠቀሰው ዕለት" እያለ የሚያወራ ገበሬ የት አለ? የጻፈው ጸሐፊው ነው፣ ያውም ዳኛው በጠየቀው ልክ፣ ያልተጠየቀው ነገር ሁሉ ቀርቷል። ኅዳጉ ላይ ደግሞ በሌላ እጅ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፤ ክሱ መዘጋቱን ትናገራለች፣ ለምን እንደተዘጋ ግን ትንፍሽ አትልም። ሰዓቱ ያለቀው እሷ ላይ ስንጨቃጨቅ ነው። ይህን ከየትኛው ፖድካስት ታገኘዋለህ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ደስ ይላል። ቀጣሪ ግን ኅዳግ ላይ ያለች መስመር ምን ታደርግለታለች?

ኦዲተሯ፦ ቀጣሪን ካነሳህ እኔ ልግባ። ሥራዬ ኦዲት ነው፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ታሪክ። ሰነድ ሲቀርብልኝ ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን ብሎ፣ ከሱ ጋር መኖር ሲገባው የጎደለውስ የቱ ነው የምለው እዚያ የለመድኩትን ነው። ታኅሣሥ የተጻፈን ቃለ ጉባኤ መስከረም ላይ እንደተጻፈ አድርገው የሚያቀርቡልህ ሰዎች አሉ፤ ታውቃለህ አይደል? ግን አልዋሽም፣ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ለብቻው ተምሬ ነው ሥራውን ያገኘሁት። በታሪክ ዲግሪ ብቻ ማንም በሩን አልከፈተልኝም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ይኸው! የኔን ነገር ራስሽ ተናገርሽው። ታዲያ በቀጥታ ሒሳብ ብትማሪስ?

ኦዲተሯ፦ በቀጥታ ሒሳብ የተማሩ ባልደረቦች አሉኝ። ጎበዞች ናቸው፣ ድምሩ ከመጣላቸው ግን ያልፉታል። አንዳንዶቹ ማለቴ ነው፣ እንዳትቆጣ።

የተመረቀው፦ የሁላችሁንም አንብቤያለሁ። እኔም ታሪክ ነው የተመረቅኩት፣ ሦስተኛ ዓመት የምትለውን ክፍል ግን በሕልሜም አላየሁም። እኛን ያስተማሩን በሃንድአውት ነው። ከኛ በፊት ለነበሩት የተሰጠ፣ ፊደሉ የደበዘዘ የኮፒ ኮፒ። መምህሩ ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ውሉ የተፈረመው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ንጉሡ የማን ልጅ ነው። ሸምድደህ ትገባለህ፣ ስትወጣ ትረሳዋለህ። አንድም ዋና ሰነድ ሳልነካ ነው ጋዋን የለበስኩት። የመመረቂያ ጽሑፉም ቢሆን ከቀድሞ ተመራቂዎች እየገለበጡ የሚያስገቡ ነበሩ፤ የሚያይ አልነበረም። ለእንዲህ ያለው ዲግሪ ከሆነ ሒሳብ ሠራተኛው እውነቱን ነው፣ ዩቲዩብ ይሻላል። እዚህ ለታሪክ የሚከራከር ሁሉ የሚያወራው ስለ ጥሩው ሴሚናር ነው፤ ስንቱ ክፍል ነው እንደዚያ የሚያስተምረው?

ሦስተኛ ዓመት፦ እኔ ጋም ሁሉም ኮርስ እንደዚያ ነው አላልኩም። ሃንድአውት አንባቢ እኛም አለን።

የመዝገብ ቤቱ ሰው፦ ልጆች፣ እኔ ቤተ መዛግብት ውስጥ ሸምግያለሁ፤ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ደብሊን ውስጥ በርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ጁን 30 ቀን 1922 እ.ኤ.አ.፣ የአየርላንድ ቤተ መዛግብት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተከማቸ መዝገብ ነበር፣ የሕዝብ ቆጠራው ሳይቀር። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ2022፣ የታሪክ ባለሙያዎችና የኮምፒውተር ሰዎች ተባብረው የጠፋውን በዲጂታል መልክ መልሶ የሚገነባ ቤተ መዛግብት ከፈቱ። እንዴት ቻሉ? ሌላ አገር የቀሩ ግልባጮችን፣ ድሮ አንድ ሰው ለራሱ የወሰዳቸውን ማስታወሻዎች፣ ማውጫዎችን እያሳደዱ ነው። ኮምፒውተሩ ፊደል ያነብላችኋል። የጠፋው መዝገብ ግልባጭ የት ሊገኝ እንደሚችል የሚገምተው ግን ያ ቢሮ ለማን ይጽፍ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ነው። ያን ሰው በአንድ ኮርስ አታወጡትም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ፤ ግን ለዚያ ሥራ በአገር ደረጃ ጥቂት ሰው ይበቃል። በየዩኒቨርሲቲው በገፍ ማስመረቅ ለምን? ደግሞስ ባለሙያ ባለሙያ ትላላችሁ፤ በ1983 ሽተርን የሚባለው የምዕራብ ጀርመን መጽሔት የሂትለር ማስታወሻ ተገኘ ሲል እውነተኛ ነው ብሎ የመሰከረው እኮ ሂዩ ትሬቨር ሮፐር የሚባል ዝነኛ የታሪክ ሊቅ ነበር። ማስታወሻው ፎርጅድ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሦስተኛ ዓመት፦ እሱን በማንሳትህ ደስ አለኝ። ሰውየው ማስታወሻው የተቀመጠበት ባንክ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት አገላብጦ ነው ቃሉን የሰጠው፤ መጽሔቱ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ጥርጣሬውን ተናግሯል። ያጋለጠው ማን ሆነና? የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት ነው፣ ያውም በሁለት ሳምንት ገደማ። ወረቀቱ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ማንጫ ኬሚካል ተገኘ። ይዘቱም ታትሞ ከወጣ የንግግር ስብስብ፣ ስህተቱ ሳይቀር፣ ተገልብጦ ነበር። ኬሚካሉን ላቦራቶሪ ያገኘዋል። የተገለበጠውን ስህተት ለማግኘት ግን ሁለቱንም አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ዝነኛው ሊቅ የሳተው ሥራውን ሳይሠራ ስለተናገረ ነው፣ ትምህርቱ ስለማይረባ አይደለም።

ኦዲተሯ፦ ኤአዩንም አትርሱት። በ1918 የተነሳው ወረርሽኝ የእስፓኝ ጉንፋን ተባለ። ከእስፓኝ ስለመጣ አይደለም። የሚዋጉት አገሮች ጋዜጣቸውን ሳንሱር ያደርጉ ነበር፣ ገለልተኛዋ እስፓኝ ግን ንጉሧ ሳይቀር መታመሙን ጻፈች። ስለዚህ ብዙ የጻፈችው የበሽታው አገር መሰለች። ኤአይ የሚጠቀልልልህ የተጻፈውን ነው፤ ሳይጻፍ ስለቀረው የሚጠይቀው ሰው ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እሺ፣ ይህቺ ጥሩ መልስ ናት። ግን ለዚህች ልማድ አንድ በደንብ የተሰጠ ኮርስ አይበቃም? ሐኪሙም መሐንዲሱም ቢማራት አይሻልም?

የተመረቀው፦ አንድ ኮርስ ማለት መቶ ሃምሳ ተማሪ በአንድ አዳራሽ ማለት ነው። ማይክራፎን፣ ስላይድ፣ ምርጫ ፈተና። ማለትም እኔ የተማርኩት ነገር፣ አሁን ደግሞ ለሁሉም ሰው። ሰነድ ማንበብ የሚለመደው አስራ ምናምን ሰው ሆነህ፣ ጽፈህ፣ ተሰርዞብህ፣ እንደገና ጽፈህ ነው። ስለዚህ እኔ ዲፓርትመንቱ ይዘጋም ይከፈትም አልልም። ተማሪዎቹን ቤተ መዛግብት የማይልክ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ አስቀምጦ የማይፈትን ዲፓርትመንት አዲስ ተማሪ አይቀበል። የሚሠራው ይቀጥል፣ ተማሪው ጥቂት ቢሆንም።

ሦስተኛ ዓመት፦ ቁጥርም ይግባበት እላለሁ። ስለ አትላንቲክ የባሪያ ንግድ ዛሬ ከ36 ሺህ በላይ የመርከብ ጉዞዎች በዳታቤዝ ተሰብስበዋል፤ ተጭነው የተወሰዱት 12.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ናቸው የሚለው ግምት የተሠራው በሱ ነው። ክፍላችን ውስጥ ግን ኤክሴል ሲባል ፊቱን የሚያዞር ሞልቷል። "ሒሳብ ሸሽቼ ነው ታሪክ የገባሁት" ይላል፣ ሳያፍር።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ይኸው፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ሰፈር መጣችሁ! ስታቲስቲክስ ግዴታ ይሁን፣ ያኔ ድምፄን ግማሽ እሰጣችኋለሁ። ክፍያን በተመለከተ ግን የአውስትራሊያው ሐሳብ አልጠላሁትም። ታሪክ የፈለገ ይክፈል።

ኦዲተሯ፦ እሱንም ተከታትለህ ጨርሰው። በ2024 ራሱ የአውስትራሊያ መንግሥት ያቋቋመው ገምጋሚ ቡድን የክፍያ ሥርዓቱ እንዲለወጥ ነው የጠየቀው፤ ሥርዓቱ ተማሪዎቹ ላይ ከባድ ዕዳ ነው የቆለለው። ደግሞ ስታስወድደው የሚቀረው የድሃ ልጅ ነው። ያለው ሰው ልጅ ታሪክ መማሩን አይተውም፣ ነገ መዝገቡን የሚጽፈውም የሚተረጉመውም እሱ ብቻ ይሆናል።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የድሃ ልጅ መጀመሪያ ደመወዝ ነው የሚፈልገው፣ እህቴ።

የተመረቀው፦ የድሃ ልጅ ነኝ፣ ልንገርህ። ደመወዝም እፈልጋለሁ፣ ያልተሸወድኩበት ዲግሪም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ነው ያጣሁት፣ ያጣሁት ደግሞ ታሪክ ስለተማርኩ ሳይሆን ስላላስተማሩኝ ነው።

አወያይ፦ ድምፅ መስጫውን ከታች ከፍቻለሁ። ምርጫዎቹ "ይዘጋ"፣ "እንዳለ ይቀጥል"፣ "ሰነድና ስታቲስቲክስ ግዴታ ሆኖ ይቀጥል" ናቸው። ጋሼ፣ እርስዎ አንዴ ብቻ ነው መጫን የሚችሉት።