የተኩስ ጌም ዓይን ያሠለጥናል?

ጥያቄ፦ መነጽር ካደረግሁ 11 ዓመት ሆነኝ፤ ሩቅ ያለ ነገር ይደበዝዝብኛል። ታናሽ ወንድሜ ሌሊቱን ሙሉ የተኩስ ጌም ሲጫወት ያድርና «ዓይኔን እያሠለጠንሁ ነው» ይለኛል። ሳቅሁበት፤ ግን ደግሞ ልቤ ቀና። እውነት አለው?

መልስ፦ ግማሽ እውነት። እ.ኤ.አ. በ2009 የአንጎል ተመራማሪዋ ዳፍኒ ባቬሊየርና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ ፈጣን የተኩስ ጌም ለ50 ሰዓት የተጫወቱ ሰዎች ተቀራራቢ ግራጫ ቀለሞችን የመለየት ችሎታቸው ጨምሯል። ዝግ ያለ ጌም የተጫወቱት ግን ይህን ያህል አልተሻሻሉም። በጭጋግ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ችሎታ ትልቅ ነገር ነው! ሆኖም የሠለጠነው አንጎል እንጂ የዓይን ኳስ አይደለም። የአንተ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኳሱ ከልክ በላይ ሲረዝም ነው፤ እሱን የሚያሳጥር ጌም የለም። መነጽርህን አትጣል።

ሌላ መልስ፦ በልጅነቴ አንዱ ዓይኔ «ሰነፍ» (አጥርቶ የማያይ) ተብሎ፣ እሱ እንዲሠራ ደህናው ይሸፈንብኝ ነበር። ደህናውን ዓይን ሸፍኖ ጌም ማጫወት በአዋቂዎችም ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ያለ ሐኪም ግን አይሞከርም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ወንድሜ የሚጫወተው መብራት አጥፍቶ፣ ስክሪኑን አፍንጫው ሥር አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ ነው። «ግማሽ እውነት» የሚለውን አልነግረውም።