የሬዚደንት ምርምር በምን ይለካ?

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ 3ኛ ዓመት
ሰላም ለሁላችሁ። ዲፓርትመንታችን የሬዚደንቶችን፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የምንሠለጥን ሐኪሞችን፣ ምርምር በነጥብ ሊመዝን ነው። የታሰበው ስማችን ያለበትን የታተመ ወረቀት መቁጠር ነው፤ እኔም ሐሳብ እንዳቀርብ ተጠይቄያለሁ። ነገሩ ከንክኖኛል። ለመመረቂያ ጽሑፌ ከዲዩቲ (ከአዳር ተራ) ወጥቼ ሳልተኛ መዝገብ ክፍል እገባ ነበር፣ አቧራ ውስጥ ካርድ ሳገላብጥ አንዱ ጠፍቶ፣ ሌላው ጽሑፉ አልነበብ ብሎኝ፣ አንዳንዱ ላይ የላብራቶሪ ውጤቱ ተቀድዶ። ገና ስላልታተመ ነጥቤ ዜሮ ነው። ዳታውን ዓይቶት የማያውቅ ሰው ግን ስሙ አምስት ወረቀት ላይ ካለ አምስት ያገኛል። ወረቀቶቻችን በሌሎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያየው ኤች ኢንዴክስ ይሻላል የሚሉም አሉ። ምን ትላላችሁ?

የሕብረተሰብ ጤና መምህር
ኤች ኢንዴክሱን እርሳው ወንድሜ። ፊዚሲስቱ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መለኪያ ነው። 4 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ወረቀቶች አሉህ ማለት ነው። ወረቀት ታትሞ፣ ተነብቦ፣ ሌላው በራሱ ጽሑፍ እስኪጠቅሰው ስንት ጊዜ ይፈጃል! እስከዚያ አንተ ተመርቀህ ሄደሃል።

ከአሜሪካ፣ የሕፃናት ሐኪም
እዚህ ለሬዚደንሲ ሲያመለክቱ በሚወጣው የማች (አመልካቾችን ለሆስፒታሎች የሚደለድለው ሥርዓት) መረጃ ላይ አብስትራክት (የጥናት አጭር ማጠቃለያ)፣ ፖስተርና የታተመ ጽሑፍ አንድ ላይ ተደምረው ነው የሚቆጠሩት። አንዱ ሥራ ሦስት ቦታ ይገባል ማለት ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ፈቃድ ፈተና (ዩኤስኤምኤልኢ) የመጀመሪያ ክፍል፣ የስቴፕ 1፣ ውጤት በ2022 አልፏል ወይም ወድቋል ብቻ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ልጆቹ በዚህ ቁጥር ላይ ይበልጥ ነው የሚጨነቁት። ኬዝ ሪፖርት (ስለ አንድ ታካሚ የሚጻፍ አጭር ጽሑፍ) ፍለጋ ሲሯሯጡ አያለሁ፣ ያሳዝኑኛል። እባካችሁ ይሄን አትቅዱ።

የቀዶ ሕክምና ሐኪም
እኔ አማካሪ ሆኜ ያየሁትን ልንገርህ። መጀመሪያ ማን ምን እንደሠራ ይጻፍ፦ ጥያቄውን ያነሳው፣ ዳታ የሰበሰበው፣ የተነተነው፣ የጻፈው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት አራት መስፈርት አለው፤ በሐሳቡ ወይም በዳታው ላይ ትልቅ ድርሻ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ያላሟላ ምስጋናው ላይ ይጠቀስ እንጂ ደራሲ አይባልም፣ የዲፓርትመንት ኃላፊም ቢሆን። ለእያንዳንዱ ደረጃም ነጥብ ይሰጥ፤ ፕሮፖዛሉ ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲያልፍ፣ ዳታው ሲያልቅ፣ ጽሑፉ ለጆርናል ሲላክ። ጆርናሉ ስንት ወር እንደሚያቆየው ሬዚደንቱ አይወስንም።

የውስጥ ደዌ ሬዚደንት፣ 3ኛ ዓመት
ዶክተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። የደረጃውን ነገር ለሐሙስ ስብሰባ እጽፈዋለሁ። ለምርምር ብቻ የሚሆን ጊዜ ይመደብልን የሚልም እጨምርበታለሁ፤ በሳምንት ሦስት ዲዩቲ የሚገባውንና አንድ የሚገባውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይሆንም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ዳታውን ለሁለት የሰበሰቡ ሬዚደንቶች ነጥቡን እንዴት ይካፈሉ?

የቀዶ ሕክምና ሐኪም
ሁለቱም ሙሉውን ይውሰዱ። ካርዱን እኮ አብረው ነው ያገላበጡት።